እንዴት ይሠራል? የማያውቁት ሰው የሚንከባከብልዎ ፓኬጅ

ላፕቶፕዎ የሚሠራው በአርች ሊኑክስ፣ ወይም እሱን መሠረት ባደረጉት በማንጃሮና በኢንዴቨር ኦኤስ ከሆነ፣ ተርሚናሉን ይክፈቱና ይህን ይጻፉ፦ «ፓክማን»፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ትልቁ «ኪው» እና ትንሹ «ኤም» ተያይዘው። በላቲን ፊደል ነው እንግዲህ፤ ተርሚናሉ በእኛ ፊደል ትእዛዝ መቀበልን ገና አልለመደም። «ኢንተር» ይጫኑ።

አጭር ዝርዝር ይወጣል። ጉግል ክሮም ይኖርበት ይሆናል፤ ዙም፣ ስፖቲፋይ፣ የአሮጌው ፕሪንተርዎ ድራይቨር። በየቀኑ የሚከፍቷቸው ናቸው። በአርች ኦፊሴላዊ ማከማቻ ውስጥ ያለ ግን አንድም የለባቸውም።

ኦፊሴላዊው ማከማቻ ከርነሉን፣ ፋየርፎክስን፣ የግዕዝ ፊደል ስክሪንዎ ላይ የሚስልልዎትን የኖቶ ፎንት ሳይቀር ያቀርባል። የሚያዘጋጁት በቡድኑ የታወቁ ሰዎች ናቸው፤ እያንዳንዱን ፓኬጅ በዲጂታል ፊርማ ያትሙታል። ዝርዝርዎ ላይ ያሉት ግን በአብዛኛው የመጡት «ኤዩአር» ከሚባለው፣ ከተጠቃሚዎች ማከማቻ ነው። እዚያ አካውንት የከፈተ ሁሉ ፓኬጅ ማስገባት ይችላል። ፈተና የለ፣ ቃለ መጠይቅ የለ፣ ደመወዝም የለ።

አርችን እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ጀድ ቪኔት የተባለ ካናዳዊ ነው። ዛሬ ስቲም ዴክ የተባለው የእጅ ጨዋታ መሣሪያ ሳይቀር የሚሠራው አርች ላይ በተመሠረተ ሲስተም ነው። በኤዩአር ያሉት ፓኬጆች በአስር ሺዎች ይቆጠራሉ፤ እያንዳንዳቸውንም ማታ ከሥራ መልስ የሚያድስ አንድ ሰው፣ «ተንከባካቢ» የሚባል፣ ከጀርባ አለ፤ ወይም ነበረ። እርስዎ ደግሞ የዚህን ሰው ሥራ ያለ ስጋት ይጭናሉ። እንዴት ተደርጎ?

መጀመሪያ የሚገርመው ነገር ይኸውና፦ ኤዩአር ውስጥ ፕሮግራም የለም። ክሮምን ቢፈልጉ ክሮምን አያገኙትም። የሚያገኙት «ፒኬጂቢዩልድ» የተባለ አንድ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ነው።

ጎረቤትዎ ዶሮ ወጥ አብስላ በሳህን አልላከችልዎትም እንበል። የላከችው የአሠራሩን ወረቀት ነው፦ ዶሮውን ከየት እንደሚገዙ፣ ምን ምን እንደሚያስፈልግ፣ ምን ከምን ቀድሞ ድስት እንደሚገባ። የሚገዙትም የሚያበስሉትም እርስዎ ነዎት፣ በራስዎ ማድቤት። ወረቀቱ ላይ መርዝ ተጽፎ ከሆነ ደግሞ እሳት ሳይነድ አንብበው ይደርሱበታል።

ኤዩአር የሚሠራው እንዲሁ ነው። ፓኬጁ ተሠርቶ አይመጣም፤ አሠራሩ ይመጣል፣ ኮምፒውተርዎ ይሠራዋል። የማያውቁትን ሰው እመኑ አይልም፤ አንብቡት ነው የሚለው።

እስቲ አንዱን እናንብብ። በኤዩአር ድረ ገጽ ላይ የአንድ ፓኬጅ ገጽ ሲከፍቱ በስተቀኝ በኩል «ፒኬጂቢዩልዱን ተመልከት» የሚል ማስፈንጠሪያ አለ። ብዙዎቹ ከአንድ ስክሪን አይበልጡም። ላይኛው ክፍል ስም፣ የቅጂ ቁጥር፣ ፈቃድ፣ ለመሥራትና ለማስኬድ የሚያስፈልጉ ሌሎች ፓኬጆች። ቀጥሎ የምንጩ አድራሻ። ከታች ደግሞ ሥራው፦ ምንጩን አዘጋጅ፣ ገንባ፣ ፈትሽ፣ ጠቅልል።

ከአድራሻው ሥር ትርጉም አልባ የሚመስል ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ያያሉ። አብዛኛው ሰው ዘልሎት ያልፋል። እኔ ግን ከፋይሉ ሁሉ ብልሃቱ የተደበቀው እዚያ ነው እላለሁ፤ ለመረዳት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

በጽሑፍ ማረሚያዎ «ቡና ፈላ» ብለው ጽፈው ያስቀምጡ። ሌላ ፋይል ከፍተው ያንኑ ይድገሙና መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ ብቻ ይጨምሩ። ከዚያ ተርሚናሉ ላይ «ኤስኤችኤ256ሰም» ብለው (ያለ ክፍተት፣ በትንንሽ ፊደል) የሁለቱን ፋይሎች ስም ያስከትሉ።

ለእያንዳንዱ ፋይል 64 ሆሄ ይወጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን ይመልከቷቸው፤ አይመሳሰሉም። የለወጡት አራት ነጥብ ብቻ ነው፤ ድርድሩ ግን ከራስ እስከ ጅራቱ ሌላ ሆኗል። አራት ነጥቡን ያጥፉና እንደገና ይሞክሩት፤ የመጀመሪያው ድርድር ተመልሶ ይመጣል፣ አንዲት ፊደል ሳትዛነፍ። ፋይሉ ሁለት ቃል ይሁን ሁለት ጊጋባይት ልዩነት የለውም፤ ድርድሩ ሁልጊዜ 64 ነው።

ተንከባካቢው ወረቀቱ ላይ ይህን ድርድር ጻፈ ማለት «እኔ አውርጄ የሞከርኩት ይህን ነው» አለ ማለት ነው። ኮምፒውተርዎ ያንኑ ፋይል ከአድራሻው ሲያወርድ ድርድሩን ራሱ አስልቶ ያነጻጽራል። መንገድ ላይ አንድ ሰው ፋይሉን ቀይሮት ከሆነ፣ ወይም ኔትወርኩ ተቆራርጦ ግማሹ ብቻ ደርሶ ከሆነ፣ ሥራው እዚያው ይቆማል። አንዳንድ ወረቀቶች ላይ በድርድሩ ቦታ «ስኪፕ» የሚል ቃል ያያሉ። ምንጩ የኮድ ለውጥ ከሚመዘገብበት ከጊት በቀጥታ የሚወሰድ ከሆነ ያለ ነው፤ ምንጩ ተራ ፋይል ሆኖ «ስኪፕ» ከተባለ ግን ለምን እንደሆነ መጠየቅ አይከፋም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ድርድሩ የሚመሰክረው ፋይሉ እንዳልተቀየረ ብቻ ነው። ከመጀመሪያውም መጥፎ የነበረን ፋይል መጥፎነቱን አይናገርም። ይህ ነገር በኋላ ያስፈልገናል።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። ከ1.9 እና ከ1.10 የትኛው ይበልጣል? ሒሳብ የሚያስተምር ዘመድ ካለዎት 1.9 ይልዎታል። በፓኬጅ ዓለም ግን ነጥቡ ግድግዳ ነው፤ በስተቀኝ ያለው አስር ከዘጠኝ ይበልጣል። ለማረጋገጥ «ቨርሲኤምፒ» የሚለውን ትእዛዝ ጽፈው ሁለቱን ቁጥሮች ያስከትሉ። ከአንድ በፊት የመቀነስ ምልክት ከወጣ መጀመሪያ የጻፉት ያንሳል ማለት ነው።

ከቅጂው ቁጥር ኋላ ደግሞ ሰረዝና ሌላ ቁጥር አለ፦ 1.10-1፣ 1.10-2። ከሰረዙ በፊት ያለው የፕሮግራሙ ባለቤት ቁጥር ነው። ከሰረዙ በኋላ ያለው የተንከባካቢው ነው። ፕሮግራሙ ሳይለወጥ የአሠራር ወረቀቱ ብቻ ሲታረም ይጨምራል፤ አዲስ ቅጂ ሲወጣ ወደ 1 ይመለሳል። ትንሽ ነገር ይመስላል። ጥቂት ቆይተን እናየዋለን።

ባለቤቱ የቁጥር ስልቱን ከቀየረስ? ቅጂዎቹን በፈረንጅ ዓመት ሲሰይም ኖሮ 2024 ላይ ሲደርስ «ከእንግዲህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው» ቢል፣ ቀጣዩ ቅጂ 2017 ይሆናል። ኮምፒውተርዎ አሮጌ ነው ብሎ አይቀበለውም። ለዚህ መፍትሔው «ኢፖክ» ይባላል፦ ተንከባካቢው ከፊት 1 እና ሁለት ነጥብ ያስቀምጣል፣ 1:2017-1። ከዚያ በኋላ ምንም ቢሆን አዲሱ ዘመን ከአሮጌው ይበልጣል። አንዴ ከገባ ግን መውጫ የለውም፤ ፓኬጁ እስካለ ድረስ አብሮት ይኖራል። ጥንቁቅ ተንከባካቢዎች የሚሸሹትም ለዚህ ነው።

ከወረቀቱ ጎን ሌላ ፋይል አለ፣ «ኤስአርሲኢንፎ» የሚባል። ውስጡ ያው ነው፦ ስም፣ ቁጥር፣ የሚያስፈልጉ ነገሮች። ታዲያ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ መጻፍ ለምን አስፈለገ? ፒኬጂቢዩልድ ጽሑፍ ቢመስልም ፕሮግራም ነው፤ የባሽ ትእዛዝ ነው። ድረ ገጹ የፓኬጁን ስም ለማወቅ ያን ፋይል ማስኬድ ቢኖርበት፣ አካውንት የከፈተ ሁሉ የአርችን ሰርቨር ያሻውን ሊያሠራው ነው። ስለዚህ ተንከባካቢው በራሱ ኮምፒውተር አስኪዶ ውጤቱን በደረቅ ጽሑፍ ያስቀምጣል፤ ሰርቨሩ ያንን ብቻ ያነባል። አዲስ ተንከባካቢዎች ይህን ፋይል ማደስ ይረሳሉ፤ ያኔ ወረቀቱ አዲስ ሆኖ ገጹ አሮጌ ቁጥር ሲያሳይ ይከርማል።

የሚቀጥለውን እጅዎን አፍታተው ይሞክሩት፤ እኔ በጣም የምወደው ነው።

«ፌክሩት» ብለው ይጻፉ። ምንም የተለወጠ አይመስልም። አሁን «ሁአምአይ» ብለው ማን እንደሆኑ ይጠይቁት። «ሩት» ይልዎታል፤ የኮምፒውተሩ ጌታ ሆነዋል ማለት ነው። በ«ተች» አንድ ባዶ ፋይል ይፍጠሩና በ«ኤልኤስ ሰረዝ ኤል» ይመልከቱት፤ ባለቤቱ ሩት ነው ይላል። ደስ ብሎዎት «ኢቲሲ» ውስጥ ያለውን፣ የይለፍ ቃሎች ምስጢር የሚቀመጥበትን «ሻዶው» የተባለ ፋይል በ«ካት» ለማንበብ ይሞክሩ። ይከለከላሉ። በ«ኤግዚት» ይውጡና ያን ባዶ ፋይል እንደገና ይመልከቱት። ባለቤቱ እርስዎ ነዎት።

ምን ሆነ? ፌክሩት በፕሮግራሞቹና በሲስተሙ መካከል ገብቶ «ባለቤቱ ማን ነው?» ለሚል ጥያቄ ሁሉ የውሸት መልስ ይሰጣል። ሥልጣን ግን አይሰጥም። ፓኬጅ ውስጥ ያሉ ፋይሎች ሲጫኑ ባለቤታቸው ሩት መሆን አለበት፤ ስለዚህ በሚጠቀለሉበት ሰዓት እንደዚያ ተብለው መመዝገብ አለባቸው። ለዚህ ሲባል ለማያውቁት ሰው ወረቀት እውነተኛ ሥልጣን መስጠት ደግሞ እብደት ነው። የሚያስፈልገው የባለቤትነት ምዝገባ ብቻ ስለሆነ የይስሙላው ይበቃል። ፓኬጁን የሚገነባው «ሜክፒኬጂ» በእውነተኛ ሩት ላስኪድህ ቢሉት ራሱ እምቢ ይላል።

አንድ ቀዳዳ ግን አለ። ከፓኬጁ ጋር «ኢንስቶል» የሚል ቅጥያ ያለው ፋይል ካለ፣ በውስጡ ያለው ትእዛዝ የሚሠራው ፓኬጁ ሲጫን ነው። ያን ጊዜ ሥልጣኑ እውነተኛ ነው። ከወረቀቱ ቀጥሎ መነበብ ያለበት ይህ ነው።

ወደ ተንከባካቢው እንመለስ። ጊዜውን የሚያጠፋበት ዋና ነገር አዲስ ቅጂ ሲወጣ ቁጥሩን መለወጥ፣ ድርድሩን ማደስ፣ ገንብቶ መሞከር ነው። ለተረጋጋ ፓኬጅ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ችግሩ «እኔ ጋ ሠርቷል» የሚለው ነገር ነው። ባልትና የምታውቅ ሴት አሠራር ስትጽፍ ጨውን ትረሳዋለች፤ መደርደሪያዋ ላይ ሁልጊዜ ስላለ አይታያትም። ተንከባካቢውም ኮምፒውተሩ ላይ ከድሮ የተጫነ ነገር ስላለ፣ አስፈላጊ መሆኑን ሳይጽፈው ይቀራል። ለዚህ መድኃኒቱ ባዶ ማድቤት መሥራት ነው፦ መሠረታዊ ነገሮች ብቻ ያሉበት ጊዜያዊ አርች ኮምፒውተሩ ውስጥ ተፈጥሮ ፓኬጁ እዚያ ይገነባል። ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ነገር እዚያ የለም፤ ጨው ከተረሳ ወዲያው ይታወቃል።

የፓይተን አዲስ ቅጂ ሲወጣ ምን እንደሚሆን አይተው ያውቃሉ? በዓመት አንዴ ይመጣል። ፓይተን ተጨማሪዎቹን የሚያስቀምጠው በራሱ ቁጥር በተሰየመ ፎልደር ነው፤ 3.12 በአንዱ፣ 3.13 በሌላው። ኦፊሴላዊዎቹን ፓኬጆች ቡድኑ ራሱ ለአዲሱ ፓይተን ገንብቶ አብሮ ይልካቸዋል። ከኤዩአር የመጡት ግን እርስዎ ቤት የተሠሩ ናቸውና በድሮው ፎልደር እንደተቀመጡ ይቀራሉ። ትናንት የሚሠራው ዛሬ «የለም» ይላል። ሰው ይህን ጊዜ ተንከባካቢውን ያማርራል፤ አሠራሩ ግን አልተበላሸም፣ ምግቡ ነው የቆየው። እንደገና ይገንቡት፤ ብዙውን ጊዜ በዚያው ያልፋል።

ተንከባካቢ ሰው ነውና ይደክማል፤ ሥራ ይቀይራል፣ ይወልዳል፣ ወደ ሌላ ሲስተም ይሄዳል። «ዲስኦን» የሚለውን ቁልፍ ሲጫን ፓኬጁ ባለቤት አልባ ይሆናል፤ ከዚያ የፈለገ ሰው ይረከበዋል። በጎ አሠራር ነው፤ ያለዚያ ግማሹ ማከማቻ ሙዚየም በሆነ ነበር። ግን በር ነው፣ በበር ደግሞ ሌባም ይገባል።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 2018 የሆነው ይኸው ነው። «አክሮሪድ» የተባለው የፒዲኤፍ ማንበቢያ ባለቤት አልባ ሆኖ ሳለ አንድ የማይታወቅ ሰው ተረከበው። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ከኢንተርኔት ሌላ ትእዛዝ አውርዶ የሚያስኬድ መስመር ጨመረ። ትእዛዙ በየ360 ሰከንዱ እየነቃ ስለ ኮምፒውተሩ መረጃ ሊሰበስብ የተሰናዳ ነበር። በሰዓታት ውስጥ ተነቅቶበት ወደ ቀድሞው ተመለሰ። የተጋለጠውም ማንም በዓይኑ ሊያነበው የሚችል ጽሑፍ ስለነበረ ነው።

በጁላይ 2025 ደግሞ ሌላ መንገድ መጣ። የፋየርፎክስ፣ የሊብረወልፍና የዜን ብሮውዘሮችን ችግር እናስተካክላለን የሚሉ ሦስት አዳዲስ ፓኬጆች ገቡ፤ ውስጣቸው ኮምፒውተሩን ከሩቅ ለመቆጣጠር የሚያስችል ተንኮል ነበረባቸው። ከሁለት ቀን በኋላ ተነሡ። በነዚያ ሁለት ቀናት ወረቀቱን ያነበበ ሰው ከማያውቀው አድራሻ «ማስተካከያ» ሲወርድ ያይ ነበር። «ያይ» እና «ፓሩ» የተባሉት አጋዥ ፕሮግራሞች ከመገንባታቸው በፊት ምን እንደተለወጠ ላሳይዎት ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ሁልጊዜ ዝም ብሎ «ኢንተር» የሚመታ ሰው ከኤዩአር ዋናውን ጥቅም ጥሎ ጣጣውን ብቻ ነው የወሰደው።

አሁን ያቆየነውን ሁለት ነገር እናንሳ።

እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት ሠራተኛ፣ ከሩቅ ወደ ኮምፒውተር በሚያስገባው በኤስኤስኤች መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል ለምን እንደዘገየበት ሲመረምር የደረሰበትን ለዓለም አሳወቀ። «ኤክስዜድ» በተባለው ፋይል ማመቂያ 5.6.0 እና 5.6.1 ቅጂዎች ውስጥ የተቀበረ ድብቅ በር ነበር። የቀበረው ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በትጋት ሲያግዝ ቆይቶ ተባባሪ ተንከባካቢ ለመሆን የበቃ ነው። ይህ የኤዩአር ጉዳይ አልነበረም፤ ኤክስዜድ በኦፊሴላዊው ማከማቻ፣ በፊርማ የታተመ ፓኬጅ ነው።

ድርድሩስ? ትክክል ነበር። 64ቱም ሆሄ ልክ ነው። ተንኮሉ ሙሉ ሆኖ የተገኘው ባለቤቶቹ ራሳቸው ባወጡት የታመቀ ፋይል ውስጥ ነው፤ እንዲነቃ የሚያደርገው ቁራጭ በይፋ በሚታየው የጊት ማከማቻ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ የአርች ተንከባካቢዎች ምን አደረጉ? የምንጩን አድራሻ ከታመቀው ፋይል ወደ ጊቱ ቀየሩት። የፕሮግራሙ ቁጥር አልተለወጠም። የተለወጠው ከሰረዙ በኋላ ያለው ነው፦ 5.6.1-1 የነበረው 5.6.1-2 ሆነ። የዚያን ሳምንት ያን አንድ አሃዝ ስክሪኑ ላይ አይቶ ያለፈ ሰው ስንቱ ይሆን! አርች ኤስኤስኤችን ከኤክስዜድ ላይብረሪ ጋር በቀጥታ ስለማያያይዝ የታወቀው የጥቃት መንገድ እሱ ጋ አይሠራም ነበር፤ ቢሆንም ማንም እጁን አጣጥፎ አልጠበቀም።

ስለ ጠባይ ጥቂት ልጨምር፣ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነውና። በፓኬጁ ገጽ ላይ «ጊዜው አልፎበታል» ብሎ የሚያመለክት ቁልፍ አለ። እሱ የሚጫነው የፕሮግራሙ ባለቤት አዲስ ቅጂ ሲያወጣ ብቻ ነው። «አልገነባ አለኝ» ለሚል አቤቱታ አይደለም፤ ለዚያ መጀመሪያ ሲስተምዎን ሙሉ በሙሉ ያድሱ፣ ካልሆነም የስህተቱን መልእክት እንዳለ ለተንከባካቢው ይላኩለት። «አይሠራም» የሚል አንድ ቃል ለማንም አይጠቅምም።

ተንከባካቢው ጠፍቶ ከሆነ ፓኬጁ ባለቤት አልባ ይባልልኝ ብለው መጠየቅ ይችላሉ። ሁለት ሳምንት መልስ ካልሰጠ ይፈቀዳል፤ ጊዜው አልፎበታል ከተባለ ከ180 ቀን በላይ ሆኖት ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ወዲያውኑ፣ ያለ ሰው ውሳኔ ይጸድቃል። ከዚያ «አዶፕት» የሚለውን ተጭነው መረከብ ነው፤ የሚያስፈልገው አካውንትና የኤስኤስኤች ቁልፍ ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ቅጂ የሚያወጣ፣ ራስዎ የሚጠቀሙበት ትንሽ ነገር ይምረጡ። ብሮውዘር አይንኩ፤ እንቅልፍ ይነሳዎታል።

መረከቡ ከበዛብዎ ድምፅ ይስጡ። ከኦፊሴላዊ ተንከባካቢዎች አንዱ አንድን ፓኬጅ ከኤዩአር ወደ ዋናው ማከማቻ ማሻገር ሲፈልግ፣ በመመሪያው ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ ቢያንስ 10 ድምፅ ማግኘቱ ነው። አስር ብቻ። ብዙ ሰው የሚጠቀምባቸው ፓኬጆች ስድስትና ሰባት ላይ ቆመው አያለሁ። ቁልፉ ያለው እዚያው ገጽ ላይ ነው፣ ወረቀቱን ሊያነቡ በሚከፍቱበት በስተቀኝ በኩል።